ሥራ ሲቋረጥ የሕክምና ሽፋን ጅማ ላይ በምን ይተካል?

አዌቱ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ድርጅቱ ሠራተኞቹን በቡድን የሕክምና መድን አስገብቶ ነበር። አሁን የሠራተኛ ቅነሳ ደብዳቤ ሰጥቷል፤ ማስጠንቀቂያው የሁለት ወር ነው። በቤቱ ባልና ሚስት (ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፣ ስድስተኛ ወሯ)፣ የ8 እና የ19 ዓመት ልጆች፣ ስኳር ያለባቸው እናት አሉ። መድኑን ከኪስ እየከፈሉ መቀጠል ይቻላል? ካልተቻለ የቀበሌው ጤና መድን እንዴት ይያዛል? ከደመወዝ በየወሩ ሲቆረጥ የነበረው 7 በመቶስ ለሕክምና አያገለግልም?

የሰው ኃይል ክፍል
መጀመሪያ 7 በመቶውን እንለየው። እሱ የጡረታ መዋጮ ነው፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ሕክምና አያስገኝም። የማኅበራዊ ጤና መድን የሚባለው ሌላ ነው፤ በአዋጅ 690/2002 ተደንግጎ፣ መዋጮውም ከሠራተኛው 3፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተብሎ ተግባራዊነቱ ስንት ጊዜ ሲገፋ ቆይቷል። በደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ በዚህ ስም የተቆረጠ ከሌለ የላችሁም ማለት ነው።

የቡድን መድኑን ከኪስ ከፍሎ መቀጠል አይቻልም። ውሉ የአሠሪውና የመድን ድርጅቱ ነው፤ ሠራተኛው ስሙ በዝርዝር የገባ ተጠቃሚ እንጂ ተዋዋይ አይደለም። ስሙ ሲሰረዝ በእሱ የገቡት ሚስትና ልጆችም አብረው ይሰረዛሉ። ለግል የሚሸጡ የሕክምና ውሎችን መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ከውሉ በፊት የነበረ በሽታን ስለማግለል የሚለውን አንቀጽ ሳታነቡ አትፈርሙ። ለእናትየው ስኳር ዋጋ የሚያሳጣችሁ እሱ ነው።

ዋናው ቀን ደብዳቤው የተጻፈበት ሳይሆን የሥራ ውሉ የሚቋረጥበት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለቅነሳ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁለት ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ገና ሠራተኛ ነው። «የመድን ካርዱን ከነገ ጀምሮ መልሱ» ከተባለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን በሉ። የማስጠንቀቂያውን ደመወዝ በአንዴ ከፍሎ ወዲያው ካሰናበተ ግን የሥራ ውሉ ያን ቀን አበቃ፤ ሽፋኑም እንዲሁ።

በሁለቱ ወር ውስጥ የሚታይ ነገር ሁሉ ይታይ፤ ጥርስ፣ መነጽር፣ ላቦራቶሪ፣ የመድን ውሉ የሚሸፍነው ሁሉ። ከኪስ ከፍላችሁ ያልተመለሰላችሁ ካለ ዋናውን ደረሰኝ፣ የሐኪም ማዘዣውንና የምርመራውን ወረቀት አሁኑኑ ለአሠሪው አስፈርማችሁ አስገቡ። ከተሰናበቱ በኋላ ወረቀቱን ወደ መድን ድርጅቱ የሚያደርስላችሁ ሰው አይገኝም፤ ብዙ ብር የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

መንደራ ሠፈር
የቀበሌውን በተመለከተ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተዘጋጀው ለገበሬውና መደበኛ ቅጥር ለሌለው የከተማ ነዋሪ ነው። ለዚህ ነው ጋንዳ (ቀበሌ) ላይ መጀመሪያ «ደመወዝተኛ ነህ?» የሚሉት። የሥራ መልቀቂያና ክሊራንስ ይዞ የሄደ ሰው ክርክሩን ያሳጥራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አሠሪው የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ወረቀት ያለክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ምዝገባው በቤተሰብ እንጂ በሰው አይደለም። የአባወራው የነዋሪነት መታወቂያ፣ የቤተሰብ አባላት ዝርዝርና የእያንዳንዱ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። በመደበኛው መዋጮ የሚገቡት ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የ19 ዓመቱ ልጅና እናትየው ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። «እናቴ እኛው ቤት ናት» ብሎ ዝም ማለት አይጠቅምም፤ ስሟና ፎቶዋ ካርዱ ላይ ከሌለ መስኮቱ ላይ ትመለሳለች። መዋጮው የዓመት ነው፤ መጠኑ በየዓመቱ ስለሚከለስ የአምናውን ቁጥር ይዛችሁ አትሂዱ፣ ደረሰኝም ሳትቀበሉ አትውጡ።

ፈተናው ወቅቱ ነው። በብዙ ቦታ ምዝገባና እድሳት የሚከፈተው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ገበሬው እጅ ላይ ብር ሲኖር ነው። (በጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ በ2003 ከተጀመረባቸው 13 የሙከራ ወረዳዎች አንዱ ነበር፤ ልማዱ ከገጠር የመጣ ነው።) ስለዚህ የመሰናበቻውን ቀን ሳትጠብቁ ማስጠንቀቂያውን ይዛችሁ ዛሬ ጠይቁ፦ መዝገቡ ክፍት ነው ወይ? አዲስ አባል ከከፈለ በኋላ ስንት ቀን ይጠብቃል?

ካርድ ክፍል
ካርዱ ከወጣ በኋላ የሚያበላሸው ደረጃውን መዝለል ነው። መነሻው የተመዘገባችሁበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ማኅተምና የካርድ ቁጥር መኖሩን እዚያው ተመልከቱ፤ ላንድ ማኅተም ተብሎ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ የተለመደ ነው።

የማይሸፍነውም አለ፦ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የውጭ አገር ሕክምና። ውል የሌለው የግል ክሊኒክም አይገባም።

ለነፍሰ ጡሯ ግን አትጨነቁ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ክትባት ካርድ ኖረም አልኖረም ያለክፍያ ነው፤ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ። ኢንሱሊን ግን እዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ካርዱ መቅደም ያለበት ለእናትየው ነው።

አዌቱ ዳር
በጣም አመሰግናለሁ። መዝገቡ ተዘግቶ ቢገኝስ? እናትየው መካከል ላይ ያለ መድኃኒት እንዳትቀር ነው።

የሰው ኃይል ክፍል
ከማስጠንቀቂያው የመጨረሻ ሳምንት በፊት ሐኪሟ ዘንድ ትቅረብና የመድን ውሉ በሚፈቅደው ልክ የረጅም ጊዜ መድኃኒት ይጻፍላት። ኢንሱሊን ከሆነ ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ በረዶ ከያዘው ይበላሻል፣ ስለዚህ በር ላይ እንጂ ፍሪዘሩ ሥር አይቀመጥ። ማቀዝቀዣ ከሌለ ብዙ ማከማቸት ኪሳራ ነው።

ካርዱ እስኪወጣ ላለው ጊዜ መድኃኒት መግዣ ከስንብት ክፍያው ላይ ቀንሳችሁ ያዙ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በቅነሳ ለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ተጨማሪ አለ። ክፍያው በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት።

መንደራ ሠፈር
አንድ ልጨምር፦ መዝገቡ ተዘግቷል ሲሉ ጋንዳው ላይ አትቁሙ፤ የከተማው ጤና መድን ክፍል ሄዳችሁ ሥራ የለቀቀ ሰው በመካከል ይገባ እንደሆነ ጠይቁ። መልቀቂያውን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ ዋናውን አትስጡ።