የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ እርዱኝ፤ የሥራውና የዘመዱ ተምታቶብኛል

ጥያቄ፦ የኮዬዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ጨርሻለሁ። ቦሌ ላለ አንድ ድርጅት በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ጽፌ ለሰፈራችን ልጅ አሳየሁት። «ይሄ እኮ ለጓደኛ የሚጻፍ ነው» አለኝ። ለካ እንደ አማርኛው ከጤናና ከቤተሰብ ነው የጀመርኩት፤ «ሃው ኢዝ ዩር ፋሚሊ» ብዬ።

እንግሊዝ አገር ተወልዳ ያደገች የአክስቴ ልጅም አለች። አማርኛ አትችልም። ለእሷ የጻፍኩትን ደግሞ «ከባንክ የመጣ መሰለኝ» አለችኝ። እንዴት ልለያቸው? «ዲር» ማለትስ ውድ አይደለም እንዴ? የማላውቀውን ሥራ አስኪያጅ ውድ ልበለው?

መልስ፦ መምህር ከቃሊቲ

እህቴ፣ ልዩነቱን በአማርኛ በደንብ ታውቂዋለሽ። የአክስትሽን ልጅ «አንቺ»፣ ሥራ አስኪያጁን «እርስዎ» ትያለሽ። እንግሊዝኛ ለሁሉም ያለው «ዩ» ብቻ ነው። ስለዚህ አክብሮቱ የሚታየው በሌላ ቦታ ነው። ለሥራ ስትጽፊ «ዶንት» አትበዪ፤ «ዱ ኖት» ብለሽ ዘርዝሪው። «አይም» ሳይሆን «አይ አም» በዪ። ለዘመድ ግን አሳጥሪው። ሁሉን ዘርዝረሽ ስትጽፊላት ነው ባንክ የመሰልሻት።

«ዲር» አያስጨንቅሽ። ደብዳቤ ላይ የእኛን «ለ» ቦታ ነው የሚይዘው። የሰውየውን ስም ካላወቅሽ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብለሽ ጀምሪና በ«ዩርስ ፌዝፉሊ» ዝጊ። ካወቅሽ «ዲር ሚስተር» ብለሽ ስሙን ጻፊ፤ መዝጊያው «ዩርስ ሲንሲርሊ» ይሆናል። ይህ የእንግሊዞቹ ልማድ ነው። ሴት ከሆነችና ማግባት አለማግባቷን ካላወቅሽ «ሚዝ» በዪ።

ከዚያ ሰላምታ ሳታበዢ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ። «አይ አም ራይቲንግ ቱ አፕላይ ፎር» ብለሽ የሥራውን መደብ ጥቀሺ።

መልስ፦ የሰንዳፋው

ምን አደከመሽ፣ ኢንተርኔት ላይ «ሪስፔክትድ ሰር» ብሎ የሚጀምር አለ። ስምሽን አስገብተሽ ላኪው።

መልስ፦ ጡረተኛዋ ጸሐፊ

ወንድሜ፣ ይሄን ምክር አልወደድኩትም። «ሪስፔክትድ ሰር» ህንድ አገር የተለመደ አጻጻፍ ነው። ለዓመታት የአለቆቼን ፖስታ ስከፍት ኖሬያለሁ። ገልብጠው የሚልኩ ልጆች የሌላ ድርጅት ስም እንኳ ሳያጠፉ ይልኩ ነበር። እንደዚያ ያለውን አለቃዬ እስከ መጨረሻው አያነበውም።

ልጄ፣ አንቺ ቀኑን ተጠንቀቂ። መስከረም 12 ቀን 2017ን 12/1/2017 ብለሽ ከጻፍሽ፣ የውጭ ሰው ዓመታት የቆየ ደብዳቤ ይመስለዋል። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 ነው። ወሩን በቁጥር አታድርጊው። 12/1 ለእንግሊዙ ጃንዋሪ 12፣ ለአሜሪካዊው ዲሴምበር 1 ነው።

የኮዬዋ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ እርስዎም ይኑሩልኝ። ቀኑን ልክ እንዳሉት አበላሽቼው ነበር! አሁን ሁለቱንም እንደገና ጻፍኩ። የማመልከቻው መጨረሻ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ይላል። የአክስቴን ልጅ ደግሞ «ሃይ» ብዬ ጀምሬ በ«ላቭ» ዘጋሁት። አይበዛም?

መልስ፦ መምህር ከቃሊቲ

ለአክስት ልጅ «ላቭ» አይበዛም፤ ዘመዳሞች እንደዚያ ነው የሚጽፉት። ያ ቤተሰብን የመጠየቁ ነገርም ለእሷ ይሁን፤ «እናትሽን ጠይቂልኝ» በያት። ማመልከቻው ላይ ግን «ሂር» የሚለውን «ሂሪንግ» አድርጊው። «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ» ካልሽ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ሁልጊዜ «ኢንግ» ይጨመርበታል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። እሱን አስተካክለሽ ላኪው።