ዳላስ አካባቢ ብዙ ያልተለመዱ የጃፓን ሜፕል ዝርያዎች፦ የትኛውን ልግዛ? ዋልካ ላይስ እንዴት ልትከል?

የጋርላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ግድግዳው ጡብ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ። ሲዘንብ ጫማ ላይ ይለጠፋል፤ ጁላይ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከመስኮቱ ፊት አንድ የጃፓን ሜፕል ዛፍ መትከል እፈልጋለሁ። ቦታው ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ገደማ ፀሐይ ያገኛል፤ ከዚያ የቤቱ ጥላ ይይዘዋል።

ትልልቆቹ መደብሮች የሚሸጡት ቀዩን ብለድጉድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በየጎረቤቱ ሞልቷል። ዓይኔ ያረፈባቸው ሦስት ናቸው፦ ነጭና ሮዝ ቅጠል ያለው ኡኪጉሞ፣ ቅርንጫፉ ቀይ የሆነው ሳንጎ ካኩ፣ ቅጠሉ የተጨማደደው ሺሺጋሺራ። በጀቴ እስከ 200 ዶላር ነው። የቴክሳስን ሰመር የሚችለው የትኛው ነው? በፖስታ ማዘዝ ይሻላል ወይስ ከዚሁ መግዛት? አፈሩንስ ምን ላድርገው?

ቅርፊት

እህቴ፣ ከሦስቱ ሺሺጋሺራን ውሰጂ። ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራምና የተኮማተረ ስለሆነ ትኩስ ነፋስ ቶሎ አያደርቀውም። በፎል ወርቃማ ብርቱካናማ ይሆናል። ጉድለቱ ዝግታው ነው፤ በዓመት ግማሽ ጫማ ከጨመረ ጥሩ ነው። ስለዚህ ትንሹን ገዝቶ ከመጠበቅ ገንዘብ ጨምሮ ተለቅ ያለውን መግዛት ያዋጣል።

ኡኪጉሞን እርሺው። የቅጠሉ ነጭ ክፍል ክሎሮፊል የለውም፤ ፀሐይን አይችልም። አንቺ ባልሽው ቦታ ጁን ሳያልቅ ነጩ በሙሉ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ይደርቃል። ኡኪጉሞ የሚሆነው ቀኑን ሙሉ በትልቅ ዛፍ ሥር ለተጣራ ብርሃን ነው። ወርቃማ ቅጠል ያለውን አውሪየም የሚባለውን የሺራሳዋ ሜፕልም ሻጩ ቢያባብልሽ እንዳትገዢ፤ እሱ የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው።

ሳንጎ ካኩ አይሞትብሽም፣ ግን ያደክምሻል። ልጡ ስስ ስለሆነ በደቡብ ምዕራብ በኩል ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ብርድና ዝናብ በተቀላቀለበት ማርች ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይገባበትና የቅርንጫፎቹ ጫፍ ይጠቁራል። መፍትሔው በደረቅ ቀን ጤነኛው እንጨት እስኪታይ ድረስ ወደ ታች መቁረጥ፣ በየቁርጡ መሃል መቀሱን በ70 ፐርሰንት አልኮል መጥረግ ነው። በየዓመቱ ይህን ማድረግ ካልከበደሽ የዊንተሩ ቀይ ቅርንጫፍ ያምራል።

ከዝርዝርሽ ውጭ ያሉ፣ ሙቀት የሚችሉና ብዙ ሰው ያልተከላቸው፦ ሆግዮኩ (ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል፣ በፎል ዱባ የመሰለ ብርቱካናማ)፣ አራካዋ (ግንዱ ሲያረጅ እንደ ቡሽ ይሻክራል)፣ በጆርጂያ ለደቡቡ ሙቀት የተመረጠው ግሎዊንግ ኤምበርስ፣ እና ሴይሪዩ። ቅጠላቸው እንደ ዳንቴል የተከታተፈ ዝርያዎች አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ጠርዛቸው ይቃጠላል። ሴይሪዩ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ቀጥ ብሎም ያድጋል። ከ10 ጫማ በላይ ስለሚወጣ ለመስኮት ፊት ላይመችሽ ይችላል። ቀይና ወደ ታች የሚንዠረገግ ካማረሽ ታሙኬያማ።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፦ ሌሊቱም በሚሞቅበት ጁላይና ኦገስት አብዛኞቹ ቀይ ዝርያዎች ቀለማቸው ፈዝዞ ወደ ነሐስማ አረንጓዴ ይሄዳሉ። በሽታ አይደለም፤ ማዳበሪያ አትጨምሪበት።

ሰላም ከአትላንታ

እኔ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አይታየኝም። እዚህ በየግቢው አለ። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ኮምፖስት ቀላቅሎ፣ መትከል ነው። ጃፓን ሜፕል ሰው የሚያስበውን ያህል ቅብጥ አይደለም።

መረሬ

ወንድሜ፣ የአትላንታ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ የዳላሱ ኖራማ። የአሲድ መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ከ7.5 በላይ፣ ብዙ ቦታ 8 ነው። ያንተ ምክር ለእሷ አይሠራም። ዋልካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ኮምፖስት መሙላት ደግሞ ገንዳ መሥራት ማለት ነው፦ ዝናቡ ለስላሳው አፈር ውስጥ ይገባል፣ በዙሪያው ያለው ዋልካ አያሳልፈውም፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ዛፉ ሲደርቅ ሰው ውሃ አንሶት ይመስለዋል፤ ይጨምርለታል፤ ያኔ ያልቃል።

እህቴ፣ የዳላሱ ጥቁር አፈርና የበቾ መረሬ በአፈር ሳይንስ ምድባቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቨርቲሶል ናቸው፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ። መፍትሔውም ያው ገበሬው የሚያውቀው ነው፦ መደብ ከፍ አድርጎ ማጠንፈፍ።

መጀመሪያ ቦታውን ፈትሺ። 12 ኢንች ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረሽ ውሃ ሙዪው፤ ሲሰርግ ድገሚው። ሁለተኛው ውሃ በሰዓት ቢያንስ 1 ኢንች ካልወረደ መደብ ግዴታ ነው። ከዚያ 5 ጫማ ስፋት ባለው ክብ ላይ ሣሩን ከነሥሩ አንሺ፤ 3 ኢንች ውፍረት ኤክስፓንድድ ሼል አንጥፈሽ ከላይኛው 6 እስከ 8 ኢንች ዋልካ ጋር በሹካ አካፋ ቀላቅይ። ሼሉ በእሳት ያበጠ ቀዳዳማ ጠጠር ነው፤ አይበሰብስም፤ ዋልካው ተመልሶ እንዳይገጥም ያደርጋል። ዋልካው ውስጥ አሸዋ ግን በፍጹም እንዳትጨምሪ፤ አሸዋና ዋልካ ሲደርቅ ይጋገራል።

በዚያ ላይ 12 ኢንች ከፍታ ያለው ጉብታ ሥሪ። ለዚህ 10 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ይፈጃል፦ ግማሹ ደቃቅ የጥድ ቅርፊት፣ 3 ኪዩቢክ ጫማ አሸዋማ የአትክልት አፈር፣ የቀረው ሼል። የእንጉዳይ ኮምፖስት የሚባለውን ተይው፤ ጨውና ኖራ ይበዛዋል።

ዛፉን ከፖቱ ስታወጪ ከላይ ያለውን አፈር በጣትሽ እየጫርሽ ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበትን ቦታ ፈልጊ። ናርሰሪዎች አንዳንዴ 2 እና 3 ኢንች ቀብረውት ይልካሉ። ያ ቦታ ከጉብታው አናት ላይ በግልጽ መታየት አለበት። ዙሪያውን የተጠማዘዙ ሥሮች ካሉ ፍቺያቸው፤ የማይፈታውን ቁረጪው። የሥሩ ድቡልቡል ውጫዊ 1 ኢንች ያለውን የናርሰሪ ቅርፊት አራግፊለት። ምክንያቱም ከኦሪገን ናርሰሪዎች የሚመጣው ዛፍ ብዙውን ጊዜ በቅርፊት ነው የሚያድገው፤ ሳይራገፍ ሲተከል በዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ድቡልቡሉ ብቻውን ይደርቃል። የመጀመሪያው ዓመት ሞት ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ እርጥበት መለኪያውን አፈሩ ላይ የሚሰካ ሰው አያየውም።

ጉዝጓዙ 3 ኢንች፤ ግንዱን እንዳይነካ አንድ መዳፍ ያህል አርቂ። ከጡቡ ግድግዳ 6 ጫማ ይራቅ። የሚተከልበት ጊዜ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ ነው።

ፕላኖ አትክልት

ስለ አገዛዙ ልጨምር። እነዚህ ዝርያዎች በዘር አይባዙም፤ ተራ አረንጓዴ ሜፕል ላይ የተከተቡ ናቸው፤ የዝርያው ቅርንጫፍ በሌላ ሜፕል ግንድ ላይ ተጣብቆ ያደገ ማለት ነው። መለያው ላይ የዝርያ ስም ሳይኖር «ቀይ የጃፓን ሜፕል» ብቻ የሚል ከሆነ ከዘር የበቀለ ነው፤ ዋጋውም የዚያ መሆን አለበት። የተከተበበትን ቦታ እይ፦ ከላይና ከታች ያለው ግንድ ውፍረቱ የተቀራረበ፣ መጋጠሚያው የተዘጋ፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ ሁሉ የሥረኛው ዛፍ ነው። ካልተቆረጠ ጉልበቱ ስለሚበልጥ በጥቂት ዓመት ውስጥ የገዛሽውን ዝርያ ውጦ ተራ አረንጓዴ ዛፍ ያስቀርልሻል።

በፖስታ 1 ጋሎን ፖት ውስጥ ያለ የተከተበ ዛፍ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 80 ዶላር ነው፤ ማጓጓዣው ለብቻ። 3 ጋሎኑ በአንቺ በጀት ውስጥ ይገባል። የፖስታ ጥቅሙ ምርጫው ነው፤ ሆግዮኩና አራካዋ እዚህ መደርደሪያ ላይ እምብዛም አይገኙም። ጉዳቱ ወቅቱ ነው። ሲያዝዙ የሚላክበትን ሳምንት ምረጡ፦ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ኖቬምበር መጨረሻ፣ አለበለዚያ እምቡጡ ሳይከፈት ፌብሩዋሪ። በሜይ ከኦሪገን ለጋ ቅጠል ይዞ የሚመጣ ዛፍ 95 ፋራናይት ላይ ሲወርድ በሳምንት ውስጥ ይጠበሳል።

ከዚሁ ናርሰሪ ከሆነ ደግሞ ሴፕቴምበር ላይ ሂጂና እዪ። ሰመሩን የከረመ ዛፍ ጉድለቱን ይናገራል፤ ኤፕሪል ላይ ሁሉም ያምራል። ፎርት ዎርዝ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ያለውን የጃፓን ገነትም ኖቬምበር አጋማሽ ሄዶ ማየት ነው። ሜፕሎቹ የት እንደቆሙ ልብ በይ፤ ብዙዎቹ ከትልልቅ ዛፍ ሥር ናቸው።

የጋርላንዷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ጉብታውን እስክሠራ አንድ ዓመት ፖት ውስጥ ባቆየውስ? ሌላው፣ እናቴ አዲስ አበባ ላይ ዓይኗ አርፎበታል፤ እዚያ ይበቅላል?

ቅርፊት

ፖት ይቻላል፣ ጥቁር ፕላስቲክ ግን አይሁን። ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ጎኑ ላይ ያለው አፈር ከ110 ፋራናይት ያልፋል፤ ሥሩም የሚቀቀለው በምዕራብ በኩል ነው። ነጣ ያለ ፖት ግዢ፣ ወይም ፖቱን ሰፋ ባለ ሌላ ፖት ውስጥ አስገብተሽ መሃሉን በቅርፊት ሙዪው። መሙያው ሁለት ሦስተኛ ደቃቅ የጥድ ቅርፊት፣ የቀረው ፐርላይትና ፒት ሞስ። የጓሮ አፈር አይገባም። ሰመር ላይ በየቀኑ ጠዋት ከሥሩ እስኪፈስ ይጠጣል። ዊንተር ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ፦ ቅርንጫፉ ብርድ ይችላል፣ ፖት ውስጥ ያለ ሥር ግን እንደዚያ አይችልም። ዳላስ በፌብሩዋሪ 2021 ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት እንደወረደው ያለ ሲመጣ ጋራዥ ውስጥ አስገቢው።

ለእናትሽ ግን አልመክርም። ይህ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛው በብርዱና በቀኑ ማጠር ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ብርዱም የሌሊት ብቻ ነው። ሳያርፍ የሚከርም ዛፍ ቅጠሉን በአግባቡ አይቀይርም፣ በጸደይም እምቡጡ ተዘበራርቆ ይከፈታል። ችግኝ በሻንጣ ይዞ መግባትም አይቻልም፤ የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠየቃል።

መረሬ

ውሃውን እንዳትረሺ፤ የቧንቧውም ኖራማ ነው። ሣር የሚያጠጣው ስፕሪንክለር ቅጠሉ ላይ ከረጨ ነጭ ዱቄት ጥሎ ጠርዙን ያቃጥላል። ጠብታ መስመር ዘርጊለት፦ በሰዓት 1 ጋሎን የሚያወጡ 3 ወይም 4 ጠብታዎች፣ አንዱ የግድ በድቡልቡሉ ላይ። በመጀመሪያው ሰመር በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ከመክፈትሽ በፊት ጣትሽን 2 ኢንች አስገቢ፣ እርጥብ ከሆነ ተይው። 2011 ላይ ዳላስ 71 ቀን 100 ፋራናይትና ከዚያ በላይ አስመዝግባለች፤ እንዲህ ባለ ዓመት ቅጠሉ ጠርዙ ቢቃጠልም ዛፉ አልሞተም። ቅርንጫፉን በጥፍር ጫሪው፣ ከልጡ በታች አረንጓዴ ከሆነ አትቁረጪ።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አጥሯል። መሬቱ ውስጥ ብረት አለ፤ ኖራው ግን ያስረዋል። መለያው ላይ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚል፣ ኖራው እንዳይይዘው ተደርጎ የተሠራ ብረት ግዢ። ኢዲቲኤ (EDTA) የሚለው ርካሽ ነው፣ ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ግን አይሠራም፤ ብሩ ይባክናል። ኢዲዲኤችኤው ቀይ ስለሆነ ኮንክሪት ላይ እንዳይንጠባጠብ ተጠንቀቂ፤ አይለቅም። የዝናብ ውሃ በበርሜል ብታጠራቅሚ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ሰላም ከአትላንታ

እሺ፣ ስለ አፈሩ ተረታሁ። ግን በሁለቱም ከተማ የሚሠራ ነገር ልስጥ። ማርች ላይ ከግንዱ የጥርስ መፋቂያ የመሰለ የእንጨት ዱቄት ዘንግ ወጥቶ ካየሽ አምብሮዥያ ጥንዚዛ ነው። ሥሩ ውሃ የተኛበት ዛፍ አልኮል ያሸታል፤ ጥንዚዛው የሚመጣው በዚያ ሽታ ነው። ከገባ በኋላ መድኃኒቱ አይደርስበትም፤ ፐርሜትሪን የሚረጨው አስቀድሞ፣ ግንዱ ላይ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ በድንገት ጠውልጎ ሲቆረጥ እንጨቱ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ መስመር ካለ ደግሞ ቨርቲሲሊየም ነው፤ ፈንገሱ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ እዚያው ቦታ ሌላ ሜፕል አይተከልም።

ፕላኖ አትክልት

ሣር ላይ የሚበተነውን ማዳበሪያና አረም ማጥፊያ አንድ ላይ የያዘውን ከጉብታው 10 ጫማ አርቁት። ዳይካምባ የሚባለው ንጥረ ነገር በአፈር አልፎ በሥር ይገባል፤ ቅጠሉ ተጠምዝዞ ጽዋ ይሠራል። ለሜፕሉ ራሱ የመጀመሪያውን ዓመት ማዳበሪያ የለም። ከዚያ በኋላ ማርች ላይ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ጥቂት፣ ከጁላይ ወዲህ ምንም።

ማርች ላይ ቅጠል ካወጣ በኋላ ውርጭ ከተተነበየ ደግሞ መሬት የሚደርስ ጨርቅ ጣይበት፤ ላስቲክ ቅጠሉን ሲነካ ያቃጥለዋል። ጨርቁን ጠዋት አንሺው።