ለራስ ደጀን፣ ትርፏን ሌሊት የት እንደር?

ከእህቴ ጋር ራስ ደጀንን ልንወጣ ሄደን መንገድ ላይ ካለው የቧሂት ተራራ ሳናልፍ ቀረን። ከደባርቅ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ የተባለው የድንኳን ሰፈር ገብተን 3,600 ሜትር ገደማ ላይ አደርን። በማግስቱ 4,200 ሜትር አካባቢ ስንደርስ እህቴን ራስ ምታትና ማስመለስ ያዛት። ዕረፍቱም፣ ውኃውም፣ ክኒኑም አልረዳትም። ዝቅ ወዳለው የሳንቃ በር ሰፈር ስንወርድ ግን ምግብ ጠየቀች። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እዚያው ከፍታ ላይ ዘና ብለው ሣር ሲነጩ ማየት እንዴት ያበሽቃል!

አሁን ክረምቱ ሲወጣ በሳንቃ በርና ከጨነቅ በፊት ባለው በግጭ ሰፈር በኩል በእግር ልንሞክር ነው። መሪ፣ ጠባቂና የጭነት በቅሎ ይኖረናል። የሚያሳስበኝ ከጨነቅ ወዲያ ያለው ነው፤ ቧሂትን ተሻግሮ አምቢቆ መንደር ድረስ ወደ 3,200 ሜትር መውረድ፣ ከዚያ እስከ 4,550 ሜትር ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ። ከፍታውን ለመልመድ አንዲት ትርፍ ሌሊት አለችን፤ ግጭ ብናሳልፋት ይሻላል ወይስ ጨነቅ?