ተጫዋች ከጌም አጥብቆ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ጣሪያ_ለጣሪያ
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ኪሎ የምማር ተማሪ ነኝ። ፒያሳ ላይ ጣሪያ ለጣሪያ እየዘለለ የሚሮጥ ልጅ ያለበት የስልክ ጌም እየሠራሁ ነው። ጊዜዬ ጠባብ ስለሆነ ሁሉንም ማሳመር አልችልም። ሥዕሉ ላይ ላተኩር፣ ታሪኩ ላይ፣ ወይስ ሌላ ነገር አለ? እናንተ አንድን ጌም ደጋግማችሁ የምትከፍቱት ምን ስላለው ነው?

የዶሮ_ማነቂያው
ወንድሜ፣ ሥዕሉን ለጊዜው ተወው። ጌሙ እጅን ወዲያው መስማት አለበት። ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ እዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረኝ። ሁለት ቲቪ፦ አንዱ አዲስ ጠፍጣፋ፣ ሌላው የድሮው ወፍራም፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ የተበላሸ። ሁለቱም ላይ ያው ፕሌይስቴሽን 2፣ ያው ኳስ። ልጆቹ ግን አዲሱ ባዶውን ተቀምጦ ወፍራሙ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። «ጋሼ፣ ያኛው ይዘገያል» ይሉኛል። የሚከፍለው ተሸናፊ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለእነሱ ትልቅ ነው። ጎል ፊት ቆሞ ምት ተጭኖ፣ እግሩ እስኪነሳ ተከላካይ ከነጠቀው ያ ልጅ ያብዳል።

እውነታቸውን ነበር። ጠፍጣፋ ቲቪ ምስሉን አሳምራለሁ ሲል ያዘገየዋል፤ የድሮው ይህ ሥራ የለበትም። ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን ሳበራው ጭቅጭቁ ቀነሰ። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ የሚያሳይ ጌም ላይ አንዱ ፍሬም 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ልጆቹ ሚሊሰከንድ ብለው አያወሩም፣ ጣታቸው ግን የጥቂት ፍሬም መዘግየት ይለያል። ጆይስቲክም እንደዚያው ነው፤ አናሎጉ፣ ያ በአውራ ጣት የሚገፋው፣ የላላውን ማንም አይነካም። «በለጠኝ» ብሎ የተነሳ ልጅ ነገ ይመለሳል። «ጆይስቲኩ ነው» ብሎ የተነሳ ግን ሌላ ቤት ይሄዳል።

ያንተ ዝላይ ስለሆነ በ2018 የወጣውን ሴሌስት የሚባል የዝላይ ጌም ተጫወተው። ልጅቷ ከጫፉ ካለፈች በኋላም ለጥቂት ፍሬም ዝለዪ ስትላት ትዘላለች። ተጫዋቹ ልብ አይለውም፤ ግን «ተጭኜ ነበር እኮ!» ብሎ አይጮህም።

የካዛንቺሷ
እኔ ከዘገየው ቁልፍ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ሴቭ ነው። ስታርዱ ቫሊን በጣም እወደዋለሁ፤ ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። ኮምፒውተር ላይ ሴቭ የሚያደርገው ግን ገበሬው ሲተኛ ነው። አንዱ ቀን 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ውኃ አጠጥቼ፣ ዓሣ አጥምጄ፣ ማዕድን ጉድጓድ ወርጄ ወደ ቤት ስመለስ መብራት ጥፍት! ቀኑ እንዳለ ሄደ። ላፕቶፕ የለኝም፣ ዴስክቶፕ ነው የምጠቀመው። እባክህ ወንድሜ፣ ያንተ ጌም ስልኩ ቢዘጋም፣ ሰው ቢደውልም ካቆምኩበት ይቀጥል። የተጫዋቹን ጊዜ አክብርለት።

ሜክሲኮ_አደባባይ
ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የሚባለው ጌም በ2004 ነው የወጣው፤ ዛሬም ግራፊክሱን አይቶ የሚስቅ አለ። እኔን ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጄ እናቱ ሞታ ወደ ሰፈሩ የሚመለስበት ጅማሬ አሁንም ይይዘኛል።

ጣሪያ_ለጣሪያ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሴቭ ይገባል፣ ቃል ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ዛሬ በጓደኛዬ ርካሽ ስልክ ሞከርኩት፤ በእኔ ስልክ ጥሩ የነበረው ዝላይ እሱ ላይ ይጎተታል። ከኋላ ያሉትን ሕንፃዎች ብቀንስ ይሻላል?

የዶሮ_ማነቂያው
ቀንስ እንጂ! ደመናውንም፣ ጥላውንም አውጣ፤ ዝላዩ ሲስተካከል ቀስ እያልክ ትመልሳለህ። ከዚያ ያንኑ ርካሽ ስልክ ጌሙን አይቶ ለማያውቅ ልጅ ስጠው፤ ምንም አታስረዳው። አንተ ስክሪኑን ተወውና አውራ ጣቱን እይ። አንዴ ነክቶ ከዘለለለት ደህና ነህ፤ ደጋግሞ ከጠቀጠቀው ግን ገና ነው።