ለገና እረፍት ባሌ፦ ሰነቴና ሶፍ ዑመር በአንድ ጉዞ ይሆናሉ?

አራትኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከገና እስከ ጥምቀት እረፍት ወስደናል፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ሁለት የቢሮ ጓደኞቼ። ላንጋኖ ሄዶ አሳ በልቶ መመለስ ሰልችቶናል። ወንድሜ ቀይ ቀበሮ ካላየሁ ብሎ ችክ ብሏል። እኔ ደግሞ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሳላይ አልመለስም። ያሰብነው አንድ ቀን የቀበሮው አገር ሰነቴ አምባ፣ በማግስቱ ሶፍ ዑመር፣ ከዚያ ወደ ቤት ነው። ይሆናል? ብርዱስ? እኔ አዲስ አበባም ሆኜ ካልሲ ደርቤ ነው የምተኛው።

የድሮ ሹፌር፦
እህቴ፣ መሆኑንስ ይሆናል። ግን ባሌን ሳይሆን የባሌን አስፋልት አይታችሁ ነው የምትመለሱት። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከአራት ኪሎ ውጡ፤ ቃሊቲ ሳይጨናነቅ። በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ እደሩ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ስለሆነ ክፍያውም አስጎብኚውም እዚያ ያልቃል። በሲጋራ ስም የምታውቁትን ኒያላም ጊቢው አካባቢ ሲግጥ ታዩታላችሁ። ይህ የተራራ ኒያላ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም።

ዲንሾ ማደሩ ለሌላም ይጠቅማል። ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሰነቴ ደግሞ ከ4,000 በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብሎ መኩራራት እዚያ አይሠራም፤ ራስ ምታቱ ያስተምራል።

ቀበሮውን ጠዋት ፈልጉት። ፀሐይ ሞቅ ስታደርግ ፍልፈሉ ብቅ ይላል፤ ቀበሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቀዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ምግብ እንዳትወረውሩለት። ውሻም ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሚጨርሰው ከውሻ የሚይዘው በሽታ ነው።

ከሰነቴ ቁልቁል ስትወርዱ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክል ይቀርና ሐረና ጫካ ይውጣችኋል። ሪራ መንደር እደሩ፤ የጫካ ቡና ጠጡ፣ ማር ቅመሱ። እኔ ብጠየቅ ሶፍ ዑመርን ትቼ እዚህ ሁለት ሌሊት አድር ነበር።

ብርዱ ቀልድ አይደለም። በጥር ሌሊት ሰነቴ ላይ ውሃ ይረጋል። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ወፍራም ጃኬት አይጠፋም።

የሮቤ ልጅ፦
ጋሼ፣ ሶፍ ዑመርንማ አያስቀሯት! ከሮቤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሙሉ ቀን ስጡት። ወይብ ወንዝ የፈለፈለው ዋሻ ነው፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አገሩ ቆላ ነው፤ ጃኬቱን መኪና ውስጥ ተዉት። ለየራሳችሁ ባትሪ ያዙ። ወንዙ ሲሞላ አይገባም፤ በጥር ግን ጥሩ ነው። ሼክ ሶፍ ዑመር የጸለዩበት ቅዱስ ቦታ ስለሆነ የአካባቢው ሰው የሚላችሁን ስሙ።

አራትኪሎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። እሺ፦ ዲንሾ፣ ሪራ፣ ከዚያ ሮቤ አድረን ሶፍ ዑመር። ሁለት ቀን እንጨምራለን። አንድ ነገር ብቻ፤ የተከራየነው ቪትዝ ነው። ሰነቴን ይወጣል?

የድሮ ሹፌር፦
ቪትዝ?! ጎባ አቁሙትና ከፍ ያለ መኪና ከነሹፌሩ ያዙ። ከጎባ በላይ ኮረኮንች ነው።