ክርክር፦ ሶኒክ 2 የመጀመሪያውን እውነት ይበልጠዋል?

ካርትሪጅ ነፊው፦
ነገሩን እኔ ልክፈተው። የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ሴጋ ሰማያዊው ጃርት ሶኒክ የሚሮጥበትን የመጀመሪያ ቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣ። ሶኒክ 2 በ1992 ኖቬምበር ላይ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛው ይሻላል» የሚለው እንደ ሕግ ተይዟል። እኔም እስማማለሁ። ግን የሶኒክ አጋር ሆኖ የሚከተለው ቀበሮው ቴይልስ ስለተጨመረ አይደለም፣ ግራፊክሱ ስላማረም አይደለም። ምክንያቴ አንድ ነው፤ ስፒን ዳሽ። የታችን ቁልፍ ይዘህ የመዝለያውን ስትነካካ ጃርቱ ተጠቅልሎ ባለበት ይሽከረከራል። ስትለቀው ይተኮሳል። በመጀመሪያው ይሄ የለም። አቀበት ሥር ከቆምክ ወደ ኋላ ተመልሰህ መንደርደር ነው። «ፍጥነት፣ ፍጥነት» እያለ የተሸጠልህ ጌም በቆምክ ቁጥር ወደ ኋላ ያስኬድሃል። የማይስማማ ይምጣ።

የግሪን ሂል ልጅ፦
መጣሁ። መንደርደሩ እኮ ነው ጌሙ! በመጀመሪያው ፍጥነት በነፃ አይሰጥህም። ቁልቁለቱን አይተህ፣ በሰዓቱ ተጠቅልለህ፣ በሰዓቱ ዘልለህ ነው የምታገኘው። ሁለተኛው ላይ ጣትህን ነካ ነካ ታደርጋለህ፣ አለቀ። እንደውም ስፒን ዳሽ ፍጥነትን አረከሰው ባይ ነኝ። ደግሞ የመጀመሪያው ጌም መክፈቻ ዞን ግሪን ሂል ላይ ያለውን አቀማመጥ ተመልከት። ከላይ የሄደ ፈጥኖ ይደርሳል፣ የወደቀ ከታች ይንቀረፈፋል። ማንም ሳያስተምርህ ይገባሃል።

ቀበሮዋ፦
አንተ ልጅ፣ ግሪን ሂልን ሁሉም ሰው ይወዳል። ክርክሩ ከእሱ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ማርብል ዞን ገብተህ ላቫ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ። ጃርቱ ራሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እግሩን ይመታል፣ እሱም ሰልችቶታል። ላቢሪንዝ ደግሞ ውኃ ውስጥ ነው። ትንፋሽ እንዳያጥርህ አረፋ እስኪመጣ ቆመህ ትጠብቃለህ። ስድስት ዞን ካለው ጌም ሁለቱ መጠበቅ ከሆነ የፍጥነቱ ነገር ምን ላይ ነው? ያውም ላቢሪንዝ አለቀ ስትል ስክራፕ ብሬይን ዞን አክት 3 (ዞኖቹ የሚከፈሉበት ክፍል አክት ይባላል) ላይ ቀለሙን ቀይሮ ተመልሶ ይመጣል።

እሾሁንም አትርሱ። ሌላው ነገር ሲነካህ የሰበሰብከው ቀለበት ይበተናል እንጂ አትሞትም፣ ለትንሽ ሰከንድ ብልጭ ድርግም እያልክ ምንም አይነካህም። እሾህ ላይ ግን ይሄ አይሠራም። ተመልሰህ ከወደቅክበት ወዲያው ትሞታለህ። ሁለተኛው ላይ አስተካከሉት። እኔ መሻሻል የምለው እንደዚህ ያለውን ነው።

ጋሽ ሜጋ ድራይቭ፦
ልጆች፣ ከውስጥ ያለውን አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ከቁልቁለት ወርደህ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ስትሄድ የፊቱን ቁልፍ ከያዝክ ጌሙ ፍጥነትህን መልሶ ይቆርጠዋል። ሁለተኛው ላይ መሬት ላይ እያለህ ይሄ ተነሥቷል። ስለዚህ የግሪን ሂል ልጅ «ሠርተህ ታገኘዋለህ» የሚለውን ፍጥነት የመጀመሪያው ራሱ ይቀማሃል።

ደግሞ ማን እንደሠራው ማወቅ ደግ ነው። ሁለተኛው የተሠራው ካሊፎርኒያ ነው፣ በሴጋ ቴክኒካል ኢንስቲትዩት። ፕሮግራመሩ ዩጂ ናካ እና ደረጃዎቹን የነደፈው ያሱሃራ ወደዚያ ተሻገሩ። ጃርቱን የሣለው ኦሺማ ጃፓን ቀረ። ጌሙ ያለበት ካርትሪጅም ከ512 ኪሎባይት ወደ 1 ሜጋባይት አደገ። ቦታው እጥፍ ሲሆን ዞኖቹ ከስድስት ወደ አሥራ አንድ ወጡ።

የግሪን ሂል ልጅ፦
ጋሼ፣ ቁጥሩን እቀበላለሁ። ግን የአክቶቹን ቁጥር አብረው ይንገሩን እንጂ። መጀመሪያው ፋይናል ዞንን ጨምሮ 19 ነው፣ ሁለተኛው 20። ዞኑ በዛ፣ እያንዳንዱ ግን አጠረ። በሁለተኛው ሦስት አክት ያለው ዞን ሜትሮፖሊስ ብቻ ነው። ሦስተኛው አክትም ከተሰረዘ ሌላ ዞን የተረፈ ካርታ ተለጥፎበት ነው። ሜትሮፖሊስ ጨርሶ ያልተናደደ ሰው እጁን ያውጣ! እጇ እንደ ማጭድ የሆነ ነፍሳት አለች፣ ማጭዶቿን ትወረውርብሃለች፤ ስትዘል ደግሞ ኮከብ የመሰለው ጠላት ይፈነዳብሃል።

እዚያው ሁለተኛው ላይ፣ ሚስቲክ ኬቭ ዞን አክት 2 ያለው ጉድጓድስ? ታችው ሁሉ እሾህ፣ መውጫ የለውም። ሱፐር ሶኒክ፣ ማለትም ምንም የማይነካው ወርቃማው ሶኒክ፣ ሆነህ ከወደቅክ ይባስ። አትሞትም፣ አትወጣም። በሰከንድ አንድ ቀለበት እየቀነሰ እስኪያልቅብህ ቆመህ ሞትህን ትጠብቃለህ። ቀበሮዋ «መጠበቅ ሰለቸኝ» ብላ አልነበር?

ካርትሪጅ ነፊው፦
ሃሃ፣ እዚህ ላይ ያዘሽ።

ቀበሮዋ፦
አልያዘኝም። አንድ ጉድጓድና አንድ ሙሉ ዞን እኩል አይደሉም። ጉድጓዱ ስህተት ነው፣ ላቢሪንዝ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ያን ጉድጓድም በ2013 ለስልክ እንደገና ሲሠሩት ወደ ሂድን ፓላስ መግቢያ አደረጉት፤ በጊዜ እጥረት ተቆርጦ የቀረው ዞን ማለት ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውንም ለስልክ ሲሠሩት ምን ጨመሩለት መሰለህ? ስፒን ዳሽ።

የግሪን ሂል ልጅ፦
ስለጨመሩለት ይጎድለው ነበር ማለት አይደለም። የለመደ ሰው ስለሚፈልገው ነው። ሌላ ላምጣ። ኤመራልድ የሚባሉት እንቁዎች የሚሰበሰቡበት ልዩ ደረጃ፣ ስፔሻል ስቴጅ። የቧንቧው ሩጫ ያምራል፣ አልክድም። ግን ቴይልስ ከኋላ እየተጎተተ አንተ ያለፍከውን ቦምብ ሁሉ ይረግጣል፣ የጋራችሁን ቀለበት ይበትናል። አንተ ሳታጠፋ ትወድቃለህ።

ጋሽ ሜጋ ድራይቭ፦
ለዚያ መድኃኒት አለው። ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ ሶኒክን ብቻውን ምረጥ። የሚጠየቀው ቀለበትም ይቀንስልሃል።

ካርትሪጅ ነፊው፦
ስለ ኤመራልድ ካነሣን አይቀር፣ በመጀመሪያው ስድስቱን ሁሉ ሰብስበህ የምታገኘው ምንድን ነው? መጨረሻው ላይ አበባ ይፈነዳል። በቃ። ሁለተኛው ሰባቱን ስትሞላ ወርቃማ ሆነህ የማትነካ ያደርግሃል።

የግሪን ሂል ልጅ፦
ጎበዝ ተጫዋች ሰባቱንም ሁለተኛው ዞን ኬሚካል ፕላንት ሳያልቅ ይለቅማል። ከዚያ በኋላ ጌሙ ምን ቀረው? እስከ መጨረሻው ዞን ዴዝ ኤግ ድረስ ሽርሽር ነው። እዚያ ስትደርስ ደግሞ ሁለት ቦስ (ዋና ጠላት) ተከታትለው ይመጣሉ፣ አንዲት ቀለበት አይሰጡህም። ከመጠን በላይ ቀላል፣ ከዚያ ድንገት ከመጠን በላይ ከባድ። የመጀመሪያው ቢያንስ ደረጃ በደረጃ ነው የሚከብደው።

ቀበሮዋ፦
ላቢሪንዝ አራተኛ ሆኖ ስታር ላይት ከእሱ በኋላ እንዲያ ቀልሎ እያለ ነው ደረጃ በደረጃ የምትለው?

እኔ ግን ቴይልስን እንዲህ በቀላሉ አላስነካም። ሁለተኛ ጆይስቲክ ስትሰካ ታናሽህ እሱን ይጫወታል። ቢሞት በርሮ ይመለሳል። ካሜራው አይጠብቀውም፣ ግን ጨዋታውንም አያበላሽብህም። ቤት ውስጥ «ተራዬ ነው» የሚለውን ጭቅጭቅ ያስቀረ ነገር ነው። የግሪን ሂል ልጅ ታናሽ እንደሌለው ያስታውቃል።

የግሪን ሂል ልጅ፦
የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ቴይልስን የተጫወትኩት እኔ ነበርኩ፣ ወንድሜ ሆን ብሎ ጥሎኝ ይሮጥ ነበር።

ካርትሪጅ ነፊው፦
አሁን ገባኝ ጥላቻው ከየት እንደመጣ! በሉ እኔ በአቋሜ ነኝ። የአክት ብዛቱ ተቀራራቢ ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለው ችግርም እውነት ነው። ሆኖም ሁለተኛውን የለመደ ሰው ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ከመጀመሪያዋ አቀበት ሥር ጣቱ ሳያውቀው የታችን ቁልፍ ይጫናል። ጃርቱ ቁጢጥ ይላል እንጂ አይንቀሳቀስም።

የግሪን ሂል ልጅ፦
እኔም በአቋሜ። ሁለቱም ሴቭ አያደርጉም፣ እዚያ ላይ እኩል ናቸው።

ጋሽ ሜጋ ድራይቭ፦
ሴቭ የመጣው በ1994፣ ሶኒክ 3 ላይ ነው። እሱን ካነሣችሁ ግን ሌላ ክርክር ክፈቱ፣ እኔ ዛሬ ደክሞኛል።