ኒዮኖቼን ማን ጨረሳቸው? ኦስካሮቹንስ ምን ላድርጋቸው?

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ሳሎን ውስጥ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም (የጌጥ ዓሣ ገንዳ) አለኝ። 180 ሊትር ይይዛል። መስታወቱን እዚሁ ከተማ አስቆርጬ በሲሊኮን ያጣበቅሁት ራሴ ነኝ።

ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ ዓሦች አስመጣሁ፦ አንጀልፊሽ 4፣ ትንንሾቹን ኒዮን ቴትራ 12 እና ኮሪዶራስ 5። ነሐሴ ላይ ደግሞ ኦስካር የሚባሉ ዓሦች፣ ገና ትንንሽ ሳሉ፣ 2 ጨመርሁ። ሻጩ «ሁሉም የደቡብ አሜሪካ ናቸው፣ አብረው ይኖራሉ» ብሎኝ ነበር። ኦስካሮቹ ሲመጡ አውራ ጣቴን ያህሉ ነበር፤ ትናንት አንደኛውን በመስታወቱ ላይ ማስመሪያ አስጠግቼ ብለካው 14 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። የተከልሁትን ሣር ሁሉ ነቅለው ጨርሰውታል።

ኒዮኖቹ ግን እያለቁ ነው። ኦስካሮቹ ሳይመጡ 3 ጠፍተው ነበር፣ ሞተው ይሆናል ብዬ ተውሁት። አሁን የቀሩት 2 ብቻ ናቸው። ሬሳ አላገኘሁም። ሁልጊዜ የሚጎድሉት ሌሊት ነው፤ ማታ ቆጥሬ ተኝቼ ጠዋት አንድ ጎድሎ አገኛለሁ። ከአንጀሎቹ ሁለቱ ደግሞ ከሰሞኑ የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ቱቦ ሙጥኝ ብለው ሌሎቹን ሁለቱን ጥግ አስይዘዋቸዋል።

በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት መብራት 9 ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ውሃው ከ27 ዲግሪ ወደ 20 ወረደ። ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። ልጄ (9 ዓመቷ ነው) ኦስካሮቹ ጠበባቸው ብላ አዝናለች፤ «አባ፣ ጣና ሰፊ ነው፣ እዚያ እንልቀቃቸው» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከግሽ ዓባይ፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብሁት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ራስህ መልሰኸዋል። ኦስካሮቹ ሳይመጡ 3 ጠፍተው ነበር ብለሃል። እነዚያን የበሏቸው አንጀሎቹ ናቸው። አንጀልፊሽ ረጋ ብሎ ስለሚዋኝ፣ ክንፉም ስለሚያምር የዋህ ይመስላል እንጂ አዳኝ ነው። ሕፃን ሳለ ከኒዮን ጋር በሰላም ይኖራል፤ ኒዮን ግን ቢያድግ ቢያድግ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አንጀሉ 15 ይደርሳል። አንድ ቀን አፉ ይበቃዋል፣ በቃ። ኒዮን ደግሞ ሌሊት ቀለሙን አደብዝዞ ፈዞ ነው የሚያድረው። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እሱ ሳይነቃ፣ አንጀሉ ነቅቶ ይዞራል። የቀሩትን ኦስካሮቹ ተካፍለዋቸዋል።

ከኒዮኖቹ ይልቅ እኔን ያሳሰቡኝ ኮሪዶራሶቹ ናቸው። ኮሪዶራስ ሲፈራ የክንፉን እሾህ ገትሮ ይቆልፈዋል። ኦስካር አንዱን ልዋጥ ሲል እሾሁ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርና ሁለቱም ይሞታሉ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ተውና ዛሬውኑ ለያቸው፤ ሌላ ገንዳ ከሌለህ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ከኤር ፓምፕ (ውሃ ውስጥ አየር ከሚነፋው) ጋር ለጥቂት ቀን ይበቃል።

ኦስካር የጋራ ገንዳ ዓሣ አይደለም። ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፣ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፣ የሚያወጣው ቆሻሻም ብዙ ነው። በአንተ 180 ሊትር ውስጥ ሁለቱ በሚቀጥለው ዓመት መዞሪያ ያጣሉ። «የደቡብ አሜሪካ ናቸው» ማለት አብረው ይኖራሉ ማለት አይደለም፤ አማዞን ላይም እኮ እየተበላሉ ነው የሚኖሩት።

ቱቦውን የያዙት ሁለቱ አንጀሎች ተጋብተዋል። እንደ ቱቦ፣ እንደ ሰፊ ቅጠል ያለ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ላይ እንቁላላቸውን ይደረድራሉ፣ በክንፋቸው እያራገቡም ይጠብቁታል። በ2 ወይም በ3 ቀን ይፈለፈላል። የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ራሳቸው ቢበሏቸው አትደንግጥ፣ ጀማሪ ወላጆች እንዲህ ያደርጋሉ። የሚጎዱት የተገፉት ሁለቱ ናቸው፤ ለሰው ስጣቸው። ከዚያ ጥንዶቹን ከኮሪዶራሶቹ ጋር ብታስቀር ያምርልሃል። ሌላ ልጨምር ካልህ ሰውነታቸው ሰፋ ያሉ ቴትራዎችን ፈልግ። ደማቅ ቢጫና ሰማያዊ ሆነው «ሲክሊድ» ተብለው የሚሸጡትን የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ግን እንዳትቀላቅል። እነዚያ የአፍሪካ ናቸው፣ ውሃቸውም ጠባያቸውም ሌላ ነው።

ድንጋይ ካስፈለገህ እዚሁ አካባቢያችን ያለው ጥቁር ድንጋይ ጥሩ ነው፣ አጥበህ አስገባው። ነጣ ያለ ድንጋይ ካገኘህ ግን መጀመሪያ ሎሚ ጨምቅበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ እየሟሟ ውሃህን ጠንካራ (ኖራ የበዛበት) ያደርገዋል።

አሁን ስለ መብራቱ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ይከነክነኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ መብራት ማታ 2 ሰዓት ጠፍቶ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት አልመጣም። ዲስከስ የሚባሉ 3 ዓሦች ነበሩኝ፤ ዲስከስ ከ28 ዲግሪ በታች አይመቸውም። ገንዳውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እያንሳፈፍሁ፣ በኩባያ ውሃውን ከላይ እየቀዳሁ እየደፋሁ ሌሊቱን አሳለፍሁት። ሦስቱም በሕይወት ነጉ። መብራት ሲመጣ ደስ ብሎኝ ፊልተሩን ሰካሁት። እስከ ማታ ሦስቱም ሞቱ። የገደላቸው ብርዱ አልነበረም። የኔ ፊልተር የተዘጋ ባልዲ መሰሉ ዓይነት ነው፤ ውስጡ የሚኖሩት ቆሻሻ የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች 14 ሰዓት አየር አጥተው ሞተው፣ ውሃው ገምቶ ነበር። እኔ ያንን ሁሉ ገንዳው ውስጥ ለቀቅሁት። ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ ከ2 ወይም ከ3 ሰዓት በላይ ከቆየ ፊልተሩን እነቅላለሁ፣ እከፍተዋለሁ፣ መልሼ ሳልሰካው በፊት ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አጥባለሁ። በቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ክሎሪኑ የተረፉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ዓሦችህ ላይ ወጥተው አፋቸውን የከፈቱት አየር አጥሯቸው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ዓሣ አታብዛ፣ በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ግዛ፣ መብራት በጠፋበት ጊዜም አታብላቸው።

ከዘንዘልማ፦

እኔ ስለ ጣናው ብቻ ልናገር። እባክህ ወንድሜ፣ አትልቀቃቸው። አባቴ በደንገል ታንኳ ዓሣ እያሰገረ ነው ያሳደገን፣ ስለዚህ ነገሩ ለኔ ወሬ ብቻ አይደለም።

የጣና ነጭ ዓሣ እኛ በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ ከ15 በላይ ዓይነት ነው፤ አብዛኛው በዓለም ላይ ሌላ የትም የለም። ጢስ ዓባይ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለዘጋው ለብቻው የኖረ ሐይቅ ነው። ክረምት ሲያልቅ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ ይወጣል። መረብ ያጠመደ ሰው ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቀዋል። እንደዚህም ሆኖ በስንት መከራ ነው ያለው። ኦስካር ደግሞ የዓሣ ጫጩት የሚበላ፣ ልጁን የሚጠብቅ ዓሣ ነው፤ የጣና ውሃ ኦስካርን የሚገድል ብርድ የለውም። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ተለቅቆ ተራብቷል።

ማዕበል፦

ሁለት ዓሣ ነው እኮ። ጣናን የሚያህል ውሃ ውስጥ ሁለት ዓሣ ምን ያመጣል?

ከዘንዘልማ፦

ወንድሜ ማዕበል፣ እንቦጭም አገሩ አማዞን ነው፤ የነዚህ ዓሦች አገር ልጅ ነው። በአበባው ማማር ከአገር አገር የዞረ ተክል ነው። ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሰሜን በኩል ያሉ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት አይቻለሁ፣ እኔም ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነቅያለሁ። ነቅለነው ስንመለስ ከኋላችን ይበቅል ነበር። ሲጀምር ስንት እግር እንደነበረ ማን ቆጠረው? ዓሦቹ ባይባዙ እንኳ ከገንዳ ይዘውት የሚሄዱት በሽታ አለ።

ለልጅህ ደግሞ ይህን ንገራት። የጣናው ቀረሶ (ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ) የአንጀልፊሽና የኦስካር ዘመድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። እናትየዋ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች። አባቴ ልጅ ሳለሁ አሳይቶኛል። ኦስካርን ልትለቅበት የምትፈልገው ጣና የራሱ የኦስካር ዘመድ አለው በላት።

የሽምብጥ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኦስካሮቹን የለየኋቸው የጻፉልኝ ዕለት ማታውኑ ነው፤ አምስቱም ኮሪዶራሶች ደኅና ናቸው። ፊልተሩን ከፍቼ ሳየው እንዳሉት ይሸት ነበር፣ በገንዳው ውሃ አጥቤ መለስሁት። የተገፉትን ሁለቱን አንጀሎች የሥራ ባልደረባዬ ወሰዳቸው። እህቴ፣ ስለ ቀረሶ ያልሽውን ለልጄ ነገርኋት፤ እሑድ ሐይቁ ዳር ውሰደኝ ብላኛለች፣ እንሄዳለን።

ለኦስካሮቹ አዲስ አበባ 500 ሊትር ገንዳ ያለው ሰው አግኝቻለሁ። ዓርብ በሌሊቱ አውቶቡስ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ከመንገድ በፊት ላብላቸው ወይስ ልተው?

ከግሽ ዓባይ፦

ከረቡዕ ጀምረህ አታብላቸው። ሆዳቸው ባዶ ከሆነ መንገድ ላይ ውሃቸውን አያቆሽሹትም። ለየብቻ ባልዲ አድርጋቸው፣ ክዳኑን ብሳው፣ ባትሪውን ፓምፕ ያዝ። የዓባይ በረሃ ሲደርስ ይሞቃል፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ደግሞ ይበርዳል፤ ጋቢህን አትርሳ፣ ባልዲዎቹን ጠቅልልበት።